ዜማው የማን ነው?

ኦሎምፒያ አካባቢ ካፌ የሚያዘወትር ሰው «ዜማ የማንም አይደለም» የሚል ክርክር ሳይሰማ አይከርምም። ተከራካሪዎቹ ኪቦርድ የሚጫወቱ፣ የሚያቀናብሩ ልጆች ናቸው። አንዱን «የሰው ዜማ ወስደሃል አሉ» ብለው፣ «ጋሼ፣ ምቱን ቀይሬዋለሁ እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ግን ደግሞ የምጠራው ምስክር ለልጁ የሚያደላ ሆነብኝ፤ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነው።

ባኽ እ.ኤ.አ. በ1730 አካባቢ ለአራት ሃርፕሲኮርድ ያዘጋጀው ኮንቼርቶ አለ። ዜማው የእሱ አይደለም። አንቶኒዮ ቪቫልዲ በ1711 አምስተርዳም ላይ ካሳተማቸው 12 ኮንቼርቶዎች አንዱ፣ ለአራት ቫዮሊን የተጻፈው ነው። ቪቫልዲ ያኔ በሕይወት ነበር። በእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢዳኝ ኖሮ ባኽ ፍርድ ቤት በቆመ! ሥራን ማቀናበርም ሆነ ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ የአመንጪው መብት ነውና፤ ጥበቃውም ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል።

እንግዲህ ባኽ ሌባ ነው?

የኮንቼርቶው ስልት የጋራ ነበር። ማኅበሩ በሙሉ አንድ ሐረግ ያሰማል፣ ብቸኞቹ ተለይተው ይጫወታሉ፣ ሐረጉ ይመለሳል። አዝማች በሉት። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ በጉባኤ ቃና ወይም በመወድስ ልክ የተቀኘን ተማሪ ሌባ የሚለው የለም። እንዲያውም «ቅኔ ዘረፈ» ስንል ከራሱ አፈለቀ ማለታችን ነው (አማርኛ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልድብናል)። የጓደኛውን ቅኔ የኔ ነው ያለ ግን ወዮለት።

ባኽ ከስልቱ አልፎ ዜማውን ራሱን ነው የወሰደው። ታዲያ ምን ሠራበት? ቫዮሊን እንደ ማሲንቆ ድምፅን ይጎትታል። ሃርፕሲኮርድ ፒያኖ ቢመስልም ክሩን በመዶሻ አይመታም፤ በላባ ስንጥር ይቆነጥራል። የክራር ዘመድ ነው። ድምፁ ቶሎ ይከስማል፤ ቁልፉን በኃይልም ተጫኑት በቀስታ፣ ጩኸቱ ያው ነው። የማሲንቆን ዜማ ለክራር የሚሰጥ ሰው ገልብጦ ብቻ አይወጣውም። ባኽ ባዶውን በጌጥ ሞላ፣ ለግራ እጅ ቫዮሊኖቹ ያልነበራቸውን ዜማ ፈጠረ። በ1729 መምራት የጀመረው ማኅበር ላይፕዚግ ውስጥ በሲመርማን ቡና ቤት ይጫወት ነበር (ቢራ የሚቀዳበት እንዳይመስላችሁ፣ የእውነት ቡና የሚጠጣበት)። ዛሬ ኪቦርድ ላይ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ማሲንቆውን ክራር ማድረግ ይቻላል። ልጁ «ቀይሬዋለሁ» ሲል የትኛውን መቀየር ማለቱ ነው?

ለባኽ የሚሟገቱለት አንድ ሌላ ነገር ያነሳሉ። ቪቫልዲ ከሞተ በኋላ ተረስቶ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባኽን ሥራዎች ምንጭ ሲመረምሩ የነበሩ ሊቃውንት ስሙን ዳግም አነሱት። ተበዳሪው አበዳሪውን ከመቃብር አወጣ ይላሉ። ያምራል። ቪቫልዲ ግን በ1741 ቪየና ውስጥ ተቸግሮ ሲሞት ይህን ውለታ አላየውም። የእኛ ካሴት ዘመን ድምፃውያን አንዳንዶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በየታክሲው የገዛ ዜማቸውን በሌላ ሰው ስም ይሰማሉ።