ሐኪም መምረጥ የእምነት ጉድለት ነውን?

ንጉሥ አሳ በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን ታሞ ደዌው በጸናበት ጊዜ እግዚአብሔርን ትቶ ባለ መድኃኒቶችን ብቻ መፈለጉ በሁለተኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕል ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ይህን ይዘው ሐኪም መሻትን ከሃይማኖት መጉደል የሚቆጥሩ ምእመናን ጥቂቶች አይደሉም፤ ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒት እንዲከበር ያዝዛልና፣ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት መስክሯልና፣ የአሳ በደል ሐኪም መጥራቱ ሳይሆን አምላኩን መርሳቱ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለኝም።

መጥራቱ የተፈቀደ ከሆነ ግን ማንን የሚለው ይከተላል፤ ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ይህኛው ነው። የዛሬ ከተሜ ራሱን ሲያመው ወደ ነርቭ ሐኪም፣ ደረቱን ሲወጋው ወደ ልብ ሐኪም፣ ሆዱን ሲቆርጠው ወደ ሦስተኛው እየሮጠ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ብልት ብቻ እያሳየ፣ የአንዱ መድኃኒት ከሌላው መስማማቱን የሚያይለት ሳይኖር ይኖራል፤ ሰው ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ አካል መሆኑን የሚያምን ክርስቲያን ሥጋውን እንዲህ ከፋፍሎ ማደሉ ያስደንቃል።

የቤተሰብ ሐኪም ግብሩ ይህን የተበተነውን መሰብሰብ ነው፤ የሕመምተኛውን አባት የስኳር ሕመም፣ የእናቱን የደም ግፊት፣ ያቋረጠውን ኪኒን፣ እንቅልፍ የነሣውን ኀዘን ሳይቀር በአንድ መዝገብ ይዞ፣ የሚችለውን ራሱ ያክማል፣ ከአቅሙ ያለፈውን በደብዳቤ ወደ ባለሙያው ይልካል። በእንግሊዝ አገር ይህ ሥርዓት ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ ለሕዝቡ ሁሉ የተዘረጋ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነውና ባለሙያዎቹ ገና ጥቂቶች ናቸው፤ ለብዙው ሰው ሥራውን የሚሠራለት የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ነው፣ እርሱንም ስለ ማዕረጉ መናቅ አይገባም።

አበው ለምርጫው ምሳሌ የሚሆን ሥርዓት ትተውልናል። የንስሐ አባት የሚፈለገው ቅኔ በማወቁ ሳይሆን ምስጢር በመጠበቁ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያትም አይለወጥም፤ ኃጢአቱን ከፍሎ ግማሹን ለአንዱ ግማሹን ለሌላው የሚናዘዝ ሰውም ተናዘዘ አይባልም። ሐኪም በእርግጥ ካህን አይደለም፤ ሥልጣነ ክህነት የለውም፣ ሊሳሳት ይችላል፣ ምክንያቱን ሊጠየቅ ይገባዋል፣ ካልሰማም መለወጡ ነውር የለበትም፤ የተሸሸገውን ለማከም አለመቻሉ ግን ከካህኑ ጋር አንድ ያደርገዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ ካስተማሩ በኋላ እንኳ፣ ጠበል ገብቶ ኪኒኑን የተወ፣ ይህንንም ተግሣጽ ፈርቶ ከሐኪሙ የሚሰውር ሕመምተኛ አልጠፋም፤ ስለዚህ ከባሕር ማዶ ተምሮ መጥቶ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወረቀት ከሚጽፍልኝ ሊቅ ይልቅ፣ ሳይሣለቅ «ጠበል ይገባሉ? ኪኒኑንስ አቋርጠዋል?» ብሎ የሚጠይቀኝን የጤና ጣቢያ ሰው እመርጣለሁ።