ገንዘቡ ከዕቃው ሲቀድም

አባቶቻችን በሬ ሲገዙ ጥርሱን አይተው፣ ሻጩንም ዋስ ያስጠሩ ነበር። ዛሬ በጆሞም ሆነ በሣሪስ ብዙዎች ዕቃውን በቴሌግራም በፎቶግራፍ ብቻ አይተው፣ ዋጋውን በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር አስቀድመው ይልካሉ። ያላዩትን ሻጭ ማን ይዋሰዋል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ስለ ዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሕግ ግን የሚይዘው የታወቀውን ሰው ነው። እንግዲህ ገዢ «ዕቃውን ሳልረከብ አልከፍልም» ቢል ባልንጀራውን መበደሉ አይደለም፤ ማስተዋልም ምግባር ናትና።

ሻጭን በተመለከተ ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ፣ ገዢን የሚጎዳ ስውር እንከን ካለ መግለጥ ግዴታ መሆኑን አስተምሯል። ስለዚህ ዝምታም ማታለል ይሆናል። ዋስ በሌለበት ገበያ የሻጭ ዋሱ ኅሊናው ነው፤ ይህን ዋስ የከዳ ሰው የወሰደውን ካልመለሰ ንስሓው ሙሉ አይሆንም።