ማስመሪያውና የልጅቷ ፊት

ለንደን የምትኖረው እህቴ ባለፈው ክረምት ደውላ ስለ ልጇ ጥርስ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ወደ ውጭ ስለገፉ ከንፈሯ አይገጥምም። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሐኪሙ ለካት፤ 5 ሚሊሜትር። ቀጥሎ ፎቶግራፎች አውጥቶ ከጥርሷ ጋር አስተያየና «አምስተኛ» አለ። በመንግሥት ወጪ ሽቦ አይታሰርላትም ማለት ነው። «ስድስተኛ» ቢል ይታሰርላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥርሱ በነፃ የሚስተካከልለት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ መለኪያ ተመዝኖ ነው። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ከ6 ሚሊሜትር በላይ ከቀደመ 4ኛ ደረጃ ይሆናል፤ 4ኛና 5ኛ ይታከማሉ። እንዲህ የገፋ ጥርስ ልጁ ሲወድቅ በቀላሉ ይሰበራልና የጤና ጉዳይ መሆኑን የሚክድ የለም። 1ኛና 2ኛ አይታከሙም። 3ኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ ግን ከውቡ ጀምሮ የተደረደሩ 10 የጥርስ ፎቶግራፎች ይመጣሉ፤ 6ኛውንና ከዚያ በላይ ያሉትን የሚመስል ጥርስ ያለው ልጅ ይገባል።

እህቴ «ፊት በማስመሪያ ይለካል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ የተሟገትኩት ለማስመሪያው ነበር። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ለሁሉም አይበቃም። ማስመሪያው ከተነሳ ቦታውን የሚይዘው አንደበት ነው። እንግሊዝኛውን የሚያቀላጥፍ፣ አቤቱታ መጻፍ የሚያውቅ አባት ልጁን ያሳክማል፤ እንደ እህቴ ያለች ስደተኛ ከበር ትመለሳለች። ሚሊሜትር ዘርና ቋንቋ አይለይም።

ያስቸገሩኝ ፎቶግራፎቹ ናቸው። 5ኛውን ከ6ኛው የለየው የሐኪሙ ዐይን ነው። ልጅቷን ምን እንደሚሰማት የጠየቃት አልነበረም።

በእኛም ዘንድ ስለ ጥርስ መከራከር አዲስ አይደለም። ለውበት ሲሉ ጥርሳቸውን አስሞርደው ፍንጭት የሚያስወጡ ሴቶች በሐዲስ ተወግዘዋል፤ ይህን ጠቅሶ ሽቦውንም ሐራም ነው ያለኝ ሰው አለ። ዑለማዎች ግን ጉድለትን ማስወገድንና ለውበት ብሎ መለወጥን ለይተዋል። ከሚጠቅሱት አንዱ የዐርፈጃ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አፍንጫው በጦርነት ተቆርጦ የብር አፍንጫ አሠራ፤ ሲሸትበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ! አፍንጫው የተቆረጠ ሰው መተንፈስ አያቅተውም። በሰው መሀል የሚቆምበት ፊት ስለሚያስፈልገው የተፈቀደለት ይመስለኛል።

ስለዚህ ማስመሪያው ይቆይ፤ በ3ኛ ደረጃ ድንበር ላይ ያሉት ልጆች ግን በፎቶግራፉ ላይ ራሳቸው ይጠየቁ እላለሁ። ይህ ለማጋነን በር ይከፍታል የሚሉኝ አይጠፉም፤ አልተሳሳቱም። ቢሆንም አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ለምን አፏን እንደምትሸፍን ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እህቴ ለግል ሐኪም የሚከፈለውን በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ማጠራቀም ጀምራለች። እኔ ደግሞ ሌላ ሐኪም እንዲያያት አጥብቃ ትጠይቅ፣ ደብዳቤውንም እኔ እጽፍላታለሁ ብያለሁ። ይህን ስል ስለ አንደበት የተናገርኩትን ራሴው ማፍረሴ አልጠፋኝም።