ለጋውን ደን መንጥሮ ግጦሽ ስለ ማድረግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንጽፈው ነገር የእርሻ ሊቃውንት እንጂ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ጉዳይ ያልሆነ መስሎ ለአንዳንዶች ሊታይ ይችላል። ይኸውም ብዙ ዘመን ራቁቱን ከቆየ በኋላ እንደ ገና ቡቃያ ያወጣውን ተራራ፥ ግንዱ ገና የሰው ክንድ ያላከለውን ለጋ ደን፥ መንጥሮ የከብት መሰማሪያ የማድረግ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ምሣሩን የሚያነሣው እጅ በጸሎት ጊዜ ወደ ሰማይ የሚዘረጋው እጅ ነው፤ ከብቱን የሚያሰማራውም ሰው የንስሓ ልጃችን ነው። ስለዚህ ነገሩን በዝምታ ልናልፈው አይገባንም።

በአዲስ አበባ በቂርቆስ በኩል ወሎ ሰፈር የሚባል ስፍራ አለ። ዛሬ ወደ ቦሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና፥ ወደ ጎተራም የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ፥ ግራና ቀኙ በፎቅ ቤት ተሞልቷል። ስሙ ግን የወሎን ስም እንደ ያዘ ይኖራል። ታክሲ የሚጠብቀውም፥ ዕቃ የሚገዛውም፥ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ይህን ስም በየቀኑ ይጠራዋል። እንግዲህ ስሙን የምንጠራ ሁላችን፥ ስሙ የተወሰደበት ሀገር ተራራ በምን ሁኔታ እንዳለ አንድ ጊዜ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው።

አስቀድመን ቅዱሳት መጻሕፍትን እንጠይቅ። ደን መመንጠር ሁልጊዜ ኃጢአት ነውን? አይደለም። የዮሴፍ ልጆች ርስታችን ጠበበን ብለው ወደ ኢያሱ በመጡ ጊዜ፥ ኢያሱ ወደ ዱሩ ወጥተው በገዛ እጃቸው እንዲመነጥሩና እንዲሰፍሩበት ነግሯቸዋል (ኢያ. 17፥14-18)። ስለዚህ ችግረኛው ገበሬ ምሣር በማንሣቱ ብቻ ልንፈርድበት አንችልም። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በጦርነት ጊዜ እንኳ፥ ከተማ ተከብቦ ሳለ፥ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ መቍረጥን ከልክሎ ሌላውን ዛፍ ለሥራ ፈቅዷል (ዘዳ. 20፥19-20)። ከዚህ የምንረዳው፥ ሕጉ ሰውን ከምሣሩ አስቀድሞ ዓይኑን እንዲያነሣ ማዘዙን ነው። የትኛውን ዛፍ? በየትኛው ስፍራ? ለምን ጥቅም? ማንንስ ጎድቶ? ይህን ሳይጠይቅ የሚቈርጥ ሰው፥ የተፈቀደለትን ሥራ እንኳ ቢሠራ ያለ ሕግ ይሠራዋል።

ስለ ግጦሽ በተለይ የሚያስተምረን ሌላ ታሪክ አለ። የሮቤልና የጋድ ልጆች እጅግ ብዙ ከብት ስለ ነበራቸው፥ ከዮርዳኖስ ወዲህ ያለው ምድር ለከብት የተመቸ መሆኑን አይተው ሙሴን ለመኑት (ዘኍ. 32)። ሙሴ ከብት ስለ መውደዳቸው አልነቀፋቸውም። የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ወንድሞቻቸው ወደ ጦርነት ሲሄዱ እነርሱ በለምለሙ መስክ ሊቀመጡ ነውን? ርስቱንም የሰጣቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ለመሰለፍ ቃል ከገቡ በኋላ ነው። እንግዲህ በመጽሐፍ ዘንድ የግጦሽ ጥያቄ የሣር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የወንድም ጥያቄ ነው። በተራራው ላይ ከብቱን የሚያሰማራ ሰው ከተራራው ሥር እርሻ ያለው ወንድም አለው፤ ምንጩን የምትቀዳ እኅት አለችው፤ ገና ያልተወለደ ልጅም አለው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በመልካሙ መስክ ከተሰማሩ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው የሚረግጡትን፥ ደካሞቹንም በተረገጠው ላይ የሚያስቀሩትን በጎች በእግዚአብሔር ስም ወቅሷል (ሕዝ. 34፥17-19)። በላተኛው ስለ በላ አልተወቀሰም፤ ለሌላው ሳያስተርፍ ስለ ረገጠ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ወሎ ተራራ እንውጣ። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በረኃብ የተፈተነች ሀገር ናት። የኮረምና የባቲ መጠለያዎች ስም የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ልብ ያቈስላል። በዚያ ዘመን ገበሬው ምግብ ለሥራ በተባለው ሥርዓት በቀን 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት እየተከፈለው እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ፤ ብዙ ገደላገደልም ከከብትና ከምሣር ተከለለ። ጥቂት ዓመታት በተጠበቀው ስፍራ ሣሩ አንሠራራ፤ ክትክታው፥ ወይራው፥ ግራሩ ከአሮጌ ሥሩ አቈጠቈጠ። የተቈረጠ ዛፍ የውኃ ሽታ ሲያገኝ እንደ ገና እንዲያቈጠቍጥ ጻድቁ ኢዮብ የተናገረው ነገር (ኢዮ. 14፥7-9) በዓይን ታየ።

ከዚህ በኋላ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ፥ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ከተከለሉት ተራሮች ብዙዎቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተመነጠሩ፤ ከብትም ገባባቸው። ይህን ያደረገው ሕዝብ ክፉ ስለ ሆነ ነውን? እንዲህ ብለን ብንፈርድ እንሳሳታለን። ተራራው ሲከለል ብዙው ገበሬ አልተጠየቀም ነበር። ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ስፍራ ሲወሰድበት ከደኑ የሚያገኘው ድርሻ በግልጽ አልተነገረውም። ጥበቃው በፍርሃት ላይ ቆሞ ነበርና ፍርሃቱ በተወገደ ጊዜ ጥበቃውም ወደቀ። ወገኖቼ፥ ይህ ነገር ለእኛ ለመምህራን ታላቅ ትምህርት ነው። በፍርሃት ብቻ የሚጾም ሰው ተመልካች ሲርቅ ይበላል፤ በፍርሃት ብቻ የተከለለ ተራራም ዘበኛው ሲሄድ ይራቈታል። በፍቅርና በመረዳት የተጠበቀ ግን ዘበኛው ቢሄድም ይኖራል።

ለጋው ደን በተመነጠረ ጊዜ የሚሆነውን እንመልከት። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ያምራል፤ ፀሐይ ወደ መሬት ይደርሳል፥ ቅጠሉ ለብዙ ዓመት ያዳበረው አፈርም ገና አለና። ሰውየውም መልካም አደረግሁ ይላል። ነገር ግን ከብቱ በዝቶ ሲገባ ፍየል የቡቃያውን ጫፍ ትቀነጥባለች፤ በሬ ችግኙን በኮቴው ይረግጣል፤ አፈሩም ተጠቅጥቆ ውኃ መጠጣት ይሳነዋል። በገደል ላይ የወረደው ዝናም የሚይዘው ሥር ስለሌለ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ ቦረቦር ይከፈታል፤ በስተታች ያለውንም እርሻ ደለልና ድንጋይ ያለብሰዋል። በመጨረሻ ዛፉም የለም፥ ሣሩም የለም። ጽድና ወይራ በዝግታ የሚያድጉ ዛፎች ናቸውና አንድ ቀን ያጠፋውን የአንድ ሰው ዕድሜ አይመልሰውም።

ነቢዩ ኢሳይያስ ፍሬ ስላጣው ወይን በተናገረው ምሳሌ፥ የወይኑ ባለቤት በተቈጣ ጊዜ የሚያደርገው ነገር አጥሩን ማፍረስ ነው፤ አጥሩ ሲፈርስ ወይኑ ይበላል፥ ይረገጣልም (ኢሳ. 5፥5)። እንግዲህ የአጥር መፍረስ በነቢዩ ዘንድ የቅጣት ምልክት ነው። እግዚአብሔር ሳይቀጣን፥ ምሕረቱንም በቡቃያ መልሶ አሳይቶን ሳለ፥ አጥሩን በገዛ እጃችን ብናፈርስ በራሳችን ላይ ፈራጆች ሆነናል ማለት ነው።

ድኻው ግን እንዲህ ይመልስልናል፦ ዛፍ አይታለብም፤ ልጆቼን የምታጠባልኝ ላሜ ናት፤ መሬቴም ጠባብ ነው። ይህ እውነተኛ ቃል ነው። ዳቦ ሳይሰጡ ጾምን ማስተማር እንደማይገባ፥ ለላሚቱ ሣር ሳያሳዩ ተራራውን ዝጋ ማለትም አይገባም። ደግነቱ፥ በተከለለ ተራራ ውስጥ ሣር ይበዛል እንጂ አያንስም። ከብቱ ወደ ችግኙ ከሚሄድ ሣሩ ታጭዶ ወደ ከብቱ ቢመጣ፥ ላሚቱም ትጠግባለች፥ ቡቃያውም ያድጋል፤ ፍጉም በየተራራው ከሚበተን በደጅ ተሰብስቦ ለእርሻው ይሆናል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሕዝቡ ራሱ ተመካክሮ፥ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፥ ሣሩን እየተካፈለ እንደ ገና የከለላቸው ብዙ ተራሮች ይህን መንገድ ይዘዋል። ጌታችን ባስተማረው ምሳሌ፥ ፍሬ ያጣችው በለስ እንድትቈረጥ ባለቤቱ ባዘዘ ጊዜ፥ አትክልተኛው አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለመነ፤ እስከዚያም ዙሪያዋን ሊቈፍርና ፍግ ሊያደርግባት ቃል ገባ (ሉቃ. 13፥6-9)። ልመናውን ያቀረበው ከሥራ ጋር እንጂ በባዶ እጁ አይደለም። ለጋው ደንም የሚለምነን ይህንኑ ትዕግሥትና ይህንኑ ሥራ ነው።

አባቶቻችን በዚህ ነገር አርአያ ትተውልናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ይነገራል። በጎጃም፥ በጎንደር፥ በወሎም ዙሪያው ሁሉ ሲራቈት ጥንታዊው ጽድ፥ ወይራና ዝግባ ተርፎ የሚታየው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ይህን ያቆየው መሣሪያ የያዘ ዘበኛ አይደለም፤ ታቦት ያለበት ስፍራ ነው የሚለው የሕዝቡ እምነት ነው። ሆኖም በዚህ አንመካ። በብዙ ደብር ከብት ወደ ቅጥሩ ይገባልና፥ አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው የሚተካቸው ችግኝ ይጠፋል። ልጅ እንደሌለው ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ ከብት እንዳይገባበት በታጠረው ስፍራ ችግኝ የተሻለ እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ከዚያም ወዲህ በአንዳንድ አድባራት ካህናቱና ሕዝቡ ከየእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም አጥር አገኘ።

ስለሆነም አባቶች ካህናት ሆይ፥ ትምህርቱ ከእኛ ቅጥር ይጀምር። የደብሩ በቅሎና የካህኑ ላም በቅጥሩ ውስጥ እየጋጡ ሕዝቡን ስለ ተራራው ብንገሥጽ ማን ይሰማናል? በመንደሩም ስለ ተራራው ምክር በተደረገ ጊዜ ድኻ አደጉና መበለቲቱ እንዲጠሩ እንናገር። ከብት የሌላት ሴት ከሣሩ ድርሻዋን ወስዳ ትሽጠው፤ መሬት የሌለው ጎልማሳም ከተራራው የሚኖርበትን ያግኝ። ድርሻ ያለው ሰው ዘበኛ ይሆናል፤ ድርሻ የሌለው ግን ሌሊት ምሣር ይዞ ይወጣል።

እናንተም በወሎ ሰፈርና በከተማው ሁሉ የምትኖሩ ምእመናን፥ ነገሩ ከእኛ ሩቅ ነው አትበሉ። ጾሙ ተፈጽሞ በዓለ ትንሣኤ ሲደርስ ከጎረቤት ጋር ተማክራችሁ ለቅርጫ የምትገዙት በሬ ከአንድ መስክ መጥቷል። ለወላጆቻችሁና ለወንድሞቻችሁ ከብት መግዣ ገንዘብ የምትልኩም፥ ከብቱ የት እንደሚሰማራ ጠይቁ፤ ከጥጃ ዋጋ ጋር ለሣር ማጨጃና ለከብት ማሰሪያ ዳስ የሚሆን ጥቂት ጨምሩ። ብዙ ከብት በተራራው ላይ ከሚንከራተት ጥቂት ከብት በደጅ ጠግቦ ቢኖር ይሻላልና። እንዲህ ብታደርጉ እርዳታችሁ ለአንዱ ወንድም ወተት ለሌላው ጎርፍ አይሆንም።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ እንዲሠራትና እንዲጠብቃት አዘዘው (ዘፍ. 2፥15)። ሁለቱ ትእዛዛት አንድ ላይ ተሰጥተዋል። ሠርቶ ያልጠበቀ ሰው ከልጁ አፍ ይነጥቃል፤ ጠብቆ ያልሠራም ይራባል። ከረኃብ በኋላ ተራራን በቡቃያ ያለበሰ አምላክ፥ ይህን ልብስ ጠብቀን ለልጆቻችን እንድናወርስ ማስተዋልን ይስጠን፤ ለድኻው መኖን፥ ለምድራችንም በጊዜው ዝናምን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።