ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ

ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ቫርኒሽ ይቀባልን? የአናጢ ጥያቄ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ መነሻ መሆኑ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ጌታችን ግን በጸራቢ ቤት አድጓልና ብዙ አንፈራም።

የተልባ ዘይት የተቀባ የዋንዛ አትሮንስ ያማረ ነው፤ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ገብቶ መልኩን ያደምቀዋል። ነገር ግን የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ጥሬ ዘይት ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ሳይጠነክር ቫርኒሽ የደረበበት ሰው ለጊዜው የሚያብረቀርቅ ዕቃ ያገኛል፤ ኋላ ግን ቫርኒሹ ይሸበሸባል፥ ሲነኩት ይጣበቃል፥ ይላጣልም። (ዘይቱ የተቀባበትንም ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል አደገኛ ነው፤ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል።)

ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ወደ ተጠቀሱት በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች ይቸኩላሉ። እኛ ግን ምሳሌው አንድ አይደለም እንላለን። በመቃብሩ ውስጥ ያለው ርኩሰት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ዘይት ግን መልካም ነገር ነው። ጉዳቱ የመጣው ከጥድፊያ ነው።

አንድ ወጣት በዐቢይ ጾም ልቡ ተነክቶ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ይመጣል። ዕንባው እውነተኛ ነው። በወሩ ነጭ ልብስ ይለብሳል፥ በሁለተኛው ወር ሕፃናት ያስተምራል፥ በሦስተኛው የኮሚቴ አባል ይሆናል። በዓመቱ ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል የለም። ያን ጊዜ «ድሮም ግብዝ ነበር» ይባላል። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለንም። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 አዲስ አማኝ ለኤጲስ ቆጶስነት እንዳይሾም ሲከለክል፥ አዲሱን ሰው ሐሰተኛ አላለውም።

«ታዲያ ሁሉም እስኪደርቅ ቢጠበቅ ማን ያገልግል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አገልግሎቱ ራሱ የሚያጠነክረው ሰው አለና። አናጢም ቢሆን ዘይት የተቀባውን እንጨት ጓዳ ውስጥ አይቆልፍበትም፤ አየር በሚያገኝበት ያቆመዋል። ቅጽር መጥረግ፥ ወንበር መደርደር፥ ከኋላ ቆሞ መዘመር እንዲህ ያለ አየር ነው። ማስተማርና ማስተዳደር ግን ቫርኒሽ ነው።

ደግሞም መጠበቅ ብቻ የማይበቃው አለ። ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ እንጨት ዓመት ቢቆምም ያ ዘይት አይጠነክርም። አኳራጅ በነካ ጨርቅ ደጋግሞ መጥረግ፥ መላግም ያስፈልገዋል፤ ያም ሆኖ ላይሳካ ይችላል። የቆየ ቂም ከዚህ ወገን ይመስለናል፤ ንስሐ እንጂ ዕድሜ አያወጣውም።

አናጢው ነጭ ጨርቅ በእንጨቱ ላይ ተጭኖ ዘይት ማውጣት አለማውጣቱን ይመረምራል። በሰው ላይ ይህን ማን ይሞክር? ኮሚቴው የሚያየው ልብሱን ነው። የንስሐ አባቱ ያውቃል፤ እርሱ ደግሞ የሰማውን ሊነግረን አይችልም። እንግዲህ የአገልግሎት ምደባ ሳይወጣ ወጣቱ ራሱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር ዘንድ ጊዜ ቢሰጠው፥ «ልቆይ» ብሎ ቢመለስም እንደ ሰነፍ ባይቆጠር እንወዳለን።