ስም ማስረጃ ይሆናልን?

በጥቅምት 2014 ዓ.ም ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ የሕዝቡ ስጋት እውነተኛ ነበር። ጥቅምት 23 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ፤ ስጋቱ በደረሰበት በአዲስ አበባም ብዙ ትግራዋዮች ተያዙ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ያኔውኑ አሳውቋል።

ለመሆኑ ስምና አነጋገር ወንጀልን ይመሰክራሉን? መልሱን ወሎ ያውቀዋል፤ አሊና ኃይሌ የአንድ አያት የልጅ ልጆች የሚሆኑበት አገር ነውና። ሰውን ከሞክሼው፣ ጥፋተኛውን ከጎረቤቱ የሚለየው ችሎት ነው። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሳይጣራ ሰው እንዳይጎዳ ያስጠነቅቃል።

አዋጁ በየካቲት 2014 ተነሥቷል፤ በከንቱ የታሰረ ሰው ዕድሜ ግን በአዋጅ አይመለስም። እናም ፍርሃት ሲበረታ ማጣራትም ይበርታ!