ኩርፊያና ትዕግሥት



በብዙ ቤቶቻችን አንድ ልማድ አለ። ባልና ሚስት በአንድ ነገር ይቀያየማሉ፤ ከዚያም መነጋገር ያቆማሉ። ምሳ ሲደርስ «አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው» ተብሎ ልጅ ይላካል፤ አባትም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «አልራበኝም በላት» ብሎ ልጁን ይመልሰዋል። ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ሲመጣ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ጎረቤት ሲሄድ ቤቱ ተመልሶ ጭር ይላል። ይህ ሁኔታ ሦስት ቀን፣ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሙሉ ጾም ይቆያል። እሑድ ሲደርስ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ ይመጣሉ።

ይህን ኩርፊያ እንለዋለን። የሚያሳዝነው ግን ከመካከላችን ብዙዎች ስሙን ለውጠን ትዕግሥት ማለታችን ነው። «እኔ ምን ተናገርኩ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት እንጂ» እንላለን። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉና። ሆኖም አንዱ ቤትን ሲያጸና ሌላው ቀስ በቀስ ያፈርሳል፤ ስለዚህ ልዩነታቸውን ለይቶ ማወቅ ለነፍሳችንም ለጤንነታችንም የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ መቆጣት፣ ማዘንና መከፋት በራሳቸው ኃጢአት አለመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1767 እንደሚያስተምረው፣ ስሜቶች በራሳቸው በጎም ክፉም አይደሉም፤ በጎ ወይም ክፉ የሚያሰኛቸው ከአእምሮአችንና ከፈቃዳችን ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። ጌታችን እጁ የሰለለችውን ሰው በምኵራብ ሲፈውስ፣ በዙሪያው ስለ ነበሩት ሰዎች የልብ ድንዳኔ አዝኖ በቁጣ እንደ ተመለከታቸው ማርቆስ ጽፎልናል (ማር 3፡5)። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል፤ በጌቴሴማኒም የነፍሱን ኀዘን ከደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ትምህርት ከየትም እናምጣው፣ ከወንጌል ግን አላገኘነውም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ እናቱ ቅድስት ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በኦስትያ ባረፈች ጊዜ እንባውን አምቆ እንደ ቆየ በኑዛዜ መጽሐፉ ይተርካል። በቀብሯም ላይ አላለቀሰም። ይቀለኛል ብሎ ገላውን ታጠበ፤ አልቀለለውም። ከተኛ በኋላ ጥቂት ፋታ አገኘ፤ ያን ጊዜ ብቻውን በእግዚአብሔር ፊት ሆኖ አለቀሰላት። ያ ታላቅ ሊቅ ይህን መጻፍ አላሳፈረውም።

እንግዲህ ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን ሲጽፍ (4፡26-27) ቁጣን ፈጽሞ አይከለክልም፤ የጊዜ ገደብ ግን ያደርግለታል፤ ገደቡም የፀሐይ መጥለቅ ነው። በአገራችን ፀሐይ ክረምት ከበጋ ብዙም ሳትለዋወጥ በአሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ትጠልቃለችና ቀጠሮው ለሁላችንም የታወቀ ነው። ሐዋርያው አያይዞ ስለ ዲያብሎስ ማስጠንቀቁም ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተነገረ ቁጣ ሌሊቱን ሥራ ፈትቶ አያድርም፤ ሒሳብ ሲሠራ ያድራል። የዛሬውን ቃል ከአምናው ጋር፣ የአምናውንም በሠርጉ ቀን ከተባለው ጋር ይደምራል። ማለዳ ስንነሣ የተጣላነው ስለ አንድ ብር መሆኑ ቀርቶ ስለ ዕድሜ ልክ በደል ይሆናል።

ይህ ማለት ግን የቤቱ ችግር ሁሉ እስከ ማታ ይፈታ ማለት አይደለም። የብድር፣ የርስት፣ የአማት ጉዳይ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከፀሐይ ጋር መጥለቅ ያለበት ፊት መንሣቱ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ በጻፉት «አሞሪስ ሌቲጺያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክር (ቁ. 104) ቤተሰብ ሳይታረቅ ቀኑን እንዳይፈጽም መክረው፣ ለዚህም ተንበርክኮ መለመን እንደማያስፈልግ፣ ትንሽ ምልክት እንደሚበቃ አስረድተዋል። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ምልክት ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ በአንድ ገበታ የሚበሉ ሰዎች አንዲት ጉርሻ ይበቃቸዋል። ያኮረፈ ሰው አፉን ለጉርሻ ከከፈተ ለቃልም መክፈቱ አይቀርም።

ታዲያ ትዕግሥት ምንድን ነው? ታጋሽ ሰው የተናገረ ሰው ነው። ያሳዘነውን ነገር በጊዜው፣ በለሰለሰ ቃል ለወንድሙ ነግሮ ወንድሙ እስኪለወጥ ይጠብቃል። ያኮረፈ ሰው ግን ሳይናገር ይጠብቃል፤ ሌላው ሰው የልቡን መርምሮ እንዲያውቅለት ይሻል፣ ባላወቀለትም መጠን ይቀጣዋል። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ከትዳር ጓደኛችን ይህን መጠየቅ ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው። የኦሪቱም ሕግ ወንድምን በልብ መጥላትን ሲከለክል ወዲያው በግልጥ እንድንገሥጸው ያዛል (ዘሌ 19፡17)።

ስለ አነጋገሩ ሥርዓት ጌታችን ራሱ መንገዱን አሳይቶናል (ማቴ 18፡15-17)። መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ፤ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፤ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። የእኛ ልማድ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተገለበጠ ነው። በደሉን መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ቀጥሎ እናት፣ ቀጥሎ ሽማግሌ፤ በደለ የተባለው ሰው በመጨረሻ ከሽማግሌ አፍ ይሰማል። ሽምግልና ክቡር ሀብታችን ነው፤ ስንት ትዳር አድኗል። ነገር ግን ሁለተኛው ደረጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ስንናገርም ስለ ሆነው ነገር እንናገር። «ትናንት እንግዳ ፊት የተናገርከኝ ቃል አሳዝኖኛል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «አንተ ድሮም እንዲህ ነህ፣ ዘርህም እንዲህ ነው» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው መልስ አለው፤ ሁለተኛው ግን ጠብ ብቻ ይወልዳል። ወላጆችም ልጆቻቸውን ይቅርታ መጠየቅ ክብራቸውን የሚቀንስ አይምሰላቸው።

እዚህ ላይ ግን ከባድ ቃል መናገር ግዴታችን ነው። ባሏ ለሚደበድባት ሴት «ታገሺ፣ መስቀልሽ ነው» የሚል ምክር ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ አይደለም። ከትዳር ጓደኛ አንዱ ሌላውን ወይም ልጆቹን ለአደጋ ቢያጋልጥ፣ ተበዳዩ ተለይቶ ለመኖር ሕጋዊ ምክንያት እንዳለው የላቲን ሥርዓት ቀኖና (እ.ኤ.አ. 1983፣ ቁ. 1153) እና የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና (እ.ኤ.አ. 1990፣ ቁ. 864) ሁለቱም ይደነግጋሉ፤ መዘግየቱ አደጋ የሚያመጣ ከሆነም ውሳኔ ሳይጠብቅ በራሱ መለየት ይችላል። የጋብቻው ማሰሪያ እንዳለ ይኖራል። ይቅር ማለትና ዱላ ወዳለበት ቤት መመለስ ግን አንድ አይደሉም፤ ሽማግሌዎቻችንና የንስሐ አባቶች ይህን ለይተን ልንመክር ይገባናል።

ዝም ያለ ሁሉም አኩርፎ አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ መልአክ ልኮም እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞም አስተኛው፣ ደግሞም መገበው (1 ነገ 19)። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም የኀዘንን መድኃኒት ሲዘረዝር ከእውነት ተመስጦ ጋር እንባን፣ የወዳጅን አብሮ ማዘን፣ እንቅልፍንና ገላ መታጠብን ይቆጥራል። ከቤታችን አንዱ ለሳምንታት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምግብ ቢጠላ፣ ከሰው ቢሸሽ፣ «ሰይጣን ነው» ወይም «እምነቱ ደክሞ ነው» ለማለት አንቸኩል። ጸሎቱና ጸበሉ ሳይቀር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ የአእምሮ ሕመም ሐኪም የሚያየው ሕመም ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታልም ለዚሁ የቆመ ነው። ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናል። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ከሰማን ደግሞ ለነገ አናሳድረው፤ ብቻውንም አንተወው።

አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። በግዕዝ ሥርዓታችን ጸሎተ አምኃ የሚደርሰው ከአኮቴተ ቁርባን በፊት ነው። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ያለውን (ማቴ 5፡23-24) ሥርዓቱ በቦታው አኑሮታል። በላቲን ሥርዓት የሰላም ሰላምታ ከመቍረብ በፊት ይሰጣል። በዚያች ሰዓት በስተቀኛችን ላለው ለማናውቀው ሰው እጅ መንሣት ቀላል ነው። በመጪው እሑድ ዲያቆኑ ሲያውጅ ዓይናችን አስቀድሞ ያን ቤት ውስጥ በልጅ የምናናግረውን ሰው ይፈልግ፤ ቆሞ ካገኘነውም ወደ እርሱ እንሂድ፤ ከቤት ቀርቶ ከሆነ ከቅዳሴ መልስ ገበታ ላይ እናገኘዋለን።